የኡስታዛ መጂዳ ተማሪ

ስርጉት ማሩ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷን ባየች በወሩ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ወረደች። ከሁሉም ትምህርት ያነሰው እንግሊዝኛዋ ነበር። በፈተናው ቀን ረዥሙን ምንባብ ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ ስለ ንብ ይሁን ስለ ባንክ የሚያወራው ሳይገባት ነው መልስ ስታጠቁር የዋለችው። አባቷ አቶ ማሩ በወጣትነታቸው ከዳባት ወርደው ሰሊጥና ማሽላ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ነርስ እንድትሆን እንጂ ለሹፌር ሳህን እንድታነሣ አስበው አያውቁም። ስትሄድ አልተቆጧትም። ከቤት እስክትወጣ ድረስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

እትዬ ውቢት የሚባሉ ሴት ከጉምሩኩ ብዙም የማይርቅ ሆቴል ነበራቸው። ከፊቱ ከባድ መኪናዎች ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ ከኋላው ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት ግቢ አለ። ስርጉት እዚያ አስተናጋጅ ሆና ገባች። ከሱዳን ሹፌሮችና ነጋዴዎች ጋር ስትነታረክ በጥቂት ጊዜ ዐረብኛ ለመደች። የገበያ ዐረብኛ ነው፤ ውሃ፣ ሥጋ፣ ስንት ነው፣ ና፣ ሂድ፣ የለም። ስትናገር ሹፌሮቹ ይስቁና ጎበዝ ይሏታል። እሷም ዐረብኛ እችላለሁ ብላ አመነች።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ከጋላባት በኩል ሰው በእግሩ ድልድዩን እየተሻገረ ይጎርፍ ጀመር፤ ሻንጣ የሚጎትት ሐኪም፣ ልጅ የታቀፈች እናት፣ አንድ እግሩን ብቻ የተጫማ ሽማግሌ። ስደተኛውን ተከትለው ነጫጭ መኪና የያዙ ድርጅቶች ገቡ። ብዙም ሳይቆይ አስተርጓሚ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ዐረብኛና እንግሊዝኛ የሚችል ይላል፤ ለሴቶች ቅድሚያ እንሰጣለንም ይላል። ስርጉት ቆማ ደጋግማ አነበበችው። ዐረብኛው አለኝ፣ የቀረኝ እንግሊዝኛው ነው ስትል አሰበች።

መጂዳ የመጡት በክረምቱ ነው። ኦምዱርማን ውስጥ በአንድ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ረዥም፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ሴት ነበሩ። መጠለያ ጣቢያ አልገባም አሉ። እትዬ ውቢት ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጧቸውና በምትኩ ስርጉትን እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩላቸው ጠየቁ። ወሬውን ሰምተው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተጨመሩ፤ አንዱ በዕቃ አስተላላፊ ቢሮ የሚሠራው አሸናፊ፣ ሌላው እንዳለው የሚባል ባጃጅ ነጂ። ሦስቱም ኡስታዛ ይሏቸው ነበር፤ በሱዳኖች ቋንቋ መምህርት ማለት ነው።

ትምህርቱ የምሳው ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ በሚደፍቅበት ሰዓት ነበር። ጥቁር ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ኒሙ ግንድ ላይ ይደገፋል፤ ተማሪዎቹ የቢራ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ፤ መጂዳ ቆመው በቀላል እንግሊዝኛና በተማሪዎቹ የገበያ ዐረብኛ ያስረዳሉ። ማንንም አያባብሉም። የተሳሳተ ተነሥቶ ይቆማል፣ አስተካክሎ እስኪናገር አይቀመጥም። ባጃጅ ነጂው እንዳለው ግሡ ላይ የምትጨመረዋን አንዲት ድምፅ ረስቶ «ሂ ጎ» በማለቱ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ በፀሐይ ቆሞ ዋለ። አሸናፊ ሲሳሳት ደግሞ ቢሮው ሰው ያጣ መሥሪያ ቤት መሆን አለበት ይሉታል። በስርጉት ላይ ይብስባቸው ነበር። ስሟን አይጠሩም። «ሰኒያ» ይሏታል፣ ትሪ ማለት ነው። ሰኒያ፣ ተነሺ። ሰኒያ፣ ድገሚው። ስትሳሳት ጠመኔውን እግሯ ሥር ይጥሉና አንሥታ እንድትሰጣቸው ያደርጋሉ።

ምሳሌ የሚሆኑት ዐረፍተ ነገሮች ግን ሁልጊዜ ስለ አንድ ሰው ነበሩ። ሙባረካ የመጂዳ ልጅ ናት። ሙባረካ ፋርማሲ ታጠናለች። ሙባረካ በጠዋት ትነሣለች። ሙባረካ ያለ ወተት ሻይ አትጠጣም። ሙባረካ ሰው ሲጮህ አትወድም። ሦስቱ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜን የተማሩት አይተዋት በማያውቋት በዚህች ልጅ ነው። አዎንታውን፣ አሉታውን፣ ጥያቄውን፣ ሁሉንም በሷ ሠሩት። ልጅዎ የት ናት ያላቸው ሰው ካለ፣ ኦምዱርማን ከአጎቷ ጋር ናት፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው የማትደውለው ይላሉ።

አንድ ቀን ከዚያው ከኦምዱርማን የመጣች ሴት ሆቴሉ ውስጥ ፉል ስትበላ መጂዳን በግቢው በር አሻግራ አየቻቸውና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጎረቤታቸው ነበረች። ቤቷ ውስጥ ሐበሻ ሠራተኛ ለብዙ ዓመት ስለነበረቻት ትንሽ አማርኛ ትሞክራለች። ስርጉትን አስጠግታ ነገረቻት። ሙባረካ ሞታለች። ከባድ መሣሪያ ቤታቸው ላይ ወድቆ ነው። መቃብር ድረስ መሄድ ስላልተቻለ፣ እናትየው ከጎረቤት ጋር ሆነው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ከውሃ ታንከሩ ጎን ቀብረዋታል። መጂዳ ከዚያ ጀምሮ ሞተች የሚለውን ቃል አልተናገሩም፤ የሰፈሩም ሰው በፊታቸው አይናገረውም።

«አንቺም እንዳታነሺባት» አለች ሴትዮዋ። «ተያት። እንደዚያ እያለች ነው የቆመችው።»

ስርጉት ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ ስትወስድላቸው ወተት ትጨምርበት ነበር። ሰኒያ ሲሏትም ብዙ አልከፋትም። ይልቁንም በርትታ አጠናች። ሳህን ስታጥብ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን እያለች ግሦችን ታነበንባለች። ሽንኩርት ስትከትፍ በዙሪያዋ ያለውን ዕቃ ሁሉ በእንግሊዝኛ ትጠራለች፤ ስሙን ያጣችለትን ለይታ ይዛ ከሰዓት ኡስታዛን ትጠይቃለች። ኅዳር ሲገባ ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ሳትደናቀፍ መናገር ቻለች።

ድርጅቱ እንደገና አስተርጓሚ ሊቀጥር ማስታወቂያ ያወጣው ያን ጊዜ ነው። ስርጉት ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ልመዘገብ ነው ብላ ለመጂዳ ነገረቻቸውና፣ ደርሻለሁ ወይ ስትል ጠየቀቻቸው። አንድ ጥሩ ቃል ከአፋቸው እንዲወጣ ፈልጋ ነበር። መጂዳ ሳቁ። ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው ሰው አልነበረም። ተነሺ አሏት። ያለፈውን፣ የአሁኑንና የሚመጣውን ጊዜ ስለ ራሷ እንድትናገር አዘዟት።

«አይ ዎዝ ኤ ስቱደንት» ብላ ጀመረች፤ ተማሪ ነበርሁ ማለቷ ነው።

«አይደለም። እኔ የምልሽን በይ» አሉ መጂዳ። «አስተናጋጅ ነበርሁ። አስተናጋጅ ነኝ። አስተናጋጅ እሆናለሁ።»

በእንግሊዝኛ አለችው። ድምፅሽ አይሰማም አሏትና ደገመችው። አሁንም አይሰማም አሉ። በመጨረሻ «አይ ዊል ቢ ኤ ዌትረስ» ብላ ስትጮህ ድምፅዋ ተሰበረ። እንዳለው ከተቀመጠበት ሳጥን ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። አሸናፊ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻት ነበር። በማግሥቱ ምሳ ላይ ቪዲዮውን ያላየ ሹፌር የለም ማለት ይቻላል። ሥጋ የሚያዝዘውም ዳቦ የሚጠይቀውም «ዊል ቢ» እያለ ይጠራት ጀመር። እትዬ ውቢት እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ጓዳ ገቡ። ስርጉት ምሳውን አስተናግዳ ጨረሰች። የመጨረሻውን ሳህን ካጠበች በኋላ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወደ ግቢው ወጣች።

መጂዳ ኮምፔንሳቶው ላይ ጽፈው ጨርሰው ነበር። ሙባረካ ኢዝ ኤ ስቱደንት ይላል፣ ሙባረካ ተማሪ ናት። ጥያቄ አድርጉት ብለው ዞር ሲሉ ስርጉት ሳትጠራ ተነሣች።

«ኡስታዛ፣ ስሕተት አለበት።»

መጂዳ የጻፉትን አዩት። ከየት ላይ እንደሆነ ጠየቁ።

«ኢዝ አይደለም» አለች ስርጉት። «ዎዝ ነው። ናት ሳይሆን ነበረች።»

እንዳለውና አሸናፊ ገና ምንም አልገባቸውም። መጂዳ ጠመኔውን እንደያዙ ቆሙ። ስርጉት ፊታቸውን ትክ ብላ ታይ ነበር። መጂዳ ጠመኔውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ደስ አላት፤ ቀኑን ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የዋለው ነገር ወረደላት።

«ምክንያቱን አስረጂ» አሉ መጂዳ። ማንም ተማሪ ሲያርም ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዝም ማለት ትችል ነበር። ተሳስቻለሁ ብላ መቀመጥ ትችል ነበር።

«ያለቀ ነገር በዎዝ ነው የሚነገረው ብለው አስተምረውናል» አለች። «ከታንከሩ ጎን ያለችው አልቃለች።»

ከዚያ መጂዳ ወደ ኮምፔንሳቶው ዞሩ። ኢዝ የሚለውን በመዳፋቸው አበሱና በቦታው ዎዝ ብለው ጻፉ። ፊደሉ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ቀጥ ብሎ ተጻፈ።

«ትክክል ናት» አሉ። «ሁላችሁም በሉት።»

እንዳለውና አሸናፊ አብረው፣ ጮክ ብለው አሉት። እንደተለመደው የሰዋስው መልመጃ መስሏቸው ነበር። መጂዳ ድገሙት አሉ፣ ደገሙት። ስርጉት አብራ አላለችም።

«አንቺም፣ ስርጉት» አሉ መጂዳ። በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያው ነበር። «ይህ ደመወዝ የምትበዪበት እንግሊዝኛ ነው። በይው።»

አለችው። ጥሩ አሏትና ጠመኔውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው ወደ ክፍላቸው ገቡ። በማግሥቱ ጠዋት ስደተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ሲመጣ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ተሳፈሩ፣ አልገባም ወዳሉት መጠለያ ሄዱ። እትዬ ውቢት ምን ነካቸው ብለው ስርጉትን ጠየቋት። አላውቅም አለች። አሸናፊ ግን ነገሩን ቆይቶ ከሌላ ሰው ሰማ፤ ቪዲዮውንም ከስልኩ አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ሆቴሉ ውስጥ ሌላ አስተናጋጅ ካልመጣለት አያዝም ነበር።

ስርጉት ለቃለ መጠይቁ ተጠራች። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ስለ ቤተሰቧ እንድትነግራቸው ጠየቋት። እህት የላትም። ነገር ግን አፏን ስትከፍት ተሰናድቶ የጠበቃት ሌላ ዐረፍተ ነገር አልነበረም። እህቴ ፋርማሲ ታጠናለች አለች። በጠዋት ትነሣለች። ያለ ወተት ሻይ አትጠጣም። ሰው ሲጮህ አትወድም። ሰዎቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛዋ እንግሊዝኛዋ ንጹሕ ነው ስትል ሰማች። የዐረብኛ ፈተና የሰጣት የዚያው ቢሮ ሹፌር ነው፣ ከየት መጣሽ፣ ስንት ነው፣ ውሃ አምጪ ከሚል አላለፈም። በሳምንቱ ተቀጠረች። አባቷ በስልክ ሲሰሙ እግዚአብሔርን አመሰገኑና ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩ።

የተመደበችው መጠለያው ውስጥ ባለ የድንኳን ክሊኒክ፣ ከአንዲት የውጭ አገር ሐኪም ጋር ነበር። መጂዳን በሩቅ ታያቸዋለች፤ ለውሃ ሲሰለፉ፣ ከድንኳናቸው ፊት ሲጠርጉ። አልተነጋገሩም። ሥራው ቀለል ብሎ ታያት። ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ያመኛል፣ ትኩሳት አለው፤ ይህን ይህን ታውቃለች። ያልገባት ሲመጣ ከበሽተኛው እጅና ፊት ላይ ገምታ ትሞላው ነበር። ማንም አላወቀባትም።

አንድ ሰኞ፣ ሰውነቷን ሁሉ የሚሸፍን ሰፊ የሱዳን ቶብ የለበሰች ወጣት ሴት ሕፃን ታቅፋ ገባች። ልጁ አይንቀሳቀስም አለች በዐረብኛ። ስርጉት ልጁ አይሄድም ብላ ተረጎመችው። ሐኪሟ ሴትዮዋ የታቀፈችውን ሕፃን አየችና ስንት ወሩ ነው አለች። ስርጉት ስንት ወር ስትል ጠየቀች። ስምንት አለች ሴትዮዋ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ፣ በስምንት ወር የማይሄድ ልጅ ብዙ ነው፣ አትጨነቂ በያት አለች። ስርጉትም አትጨነቂ አለቻት። ሴትዮዋ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ሌላ ነገር ልትናገር ብላ ተወችው፤ ቶቧን ሰብስባ ወጣች።

መጂዳ ለደም ግፊታቸው መድኃኒት በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ሴትዮዋን ምን አሉሽ ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። መጂዳ ወረፋውን ጥሰው ገቡና በእንግሊዝኛ ለሐኪሟ ተናገሩ። ስምንት ወሩ የእርግዝናዋ ነው፤ አይንቀሳቀስም ያለችው ሆዷ ውስጥ ያለውን ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አልተሰማትም። ሐኪሟ ወንበሯን ገፍታ ሮጠች። ሴትዮዋን ከውሃው ቦቴ አጠገብ አገኟትና በመኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። ልጁ ሞቶ ተወለደ። በስሕተቷ የባከነው ጊዜ ለውጥ ያመጣ ይሁን ወይም አስቀድሞ ያለቀ ነገር ይሁን፣ ስርጉት ሐኪሟን ጠየቀቻት። ሐኪሟ የምታየውን ወረቀት ሳትተው፣ እሱን አሁን ማወቅ አይቻልም አለቻት።

የድርጅቱ ኃላፊ ጉዳዩን ሲያጣራ መጂዳን ጠርቶ አስተርጓሚዋ ብቁ ናት ወይ አላቸው። ስርጉት እዚያው ተቀምጣ ነበር። መጂዳ ወደ እሷ ሳይዞሩ መለሱ።

«እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፤ ያስተማርኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ዐረብኛ ግን አታውቅም። አውቃለሁ ብላ ከሆነ ዋሽታችኋለች።»

አንዱም ቃል ሐሰት አልነበረበትም። ውሏ በዚያው ሳምንት ተቋረጠ።

መታወቂያዋን ከመለሰች በኋላ ወደ አውቶቡሱ አልሄደችም። በድንኳኖቹ መካከል አልፋ ወደ መጂዳ ሄደች። መጂዳ በር ላይ ተቀምጠው በራሽን የተሰጣቸውን ክክ በትሪ ዘርግተው ድንጋይ ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት፣ ተቀመጪ ግን አላሏትም። ስርጉት መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀችው የእንግሊዝኛ ንግግር ነበር። ስትደርስ እንግሊዝኛው አስጠላትና በእሳቸው ቋንቋ ልትናገር ፈለገች። ይቅርታ መጠየቅን የምታውቀው ሹፌሮች እግር ሲረግጡ እርስ በርስ ሲባባሉ ሰምታ ነው።

«ሳምሕኒ» አለች።

መጂዳ ለቀማቸውን አላቋረጡም።

«እሱ ለወንድ ነው» አሉ። «ለሴት ሲሆን ሳምሒኒ ነው የሚባለው።»

«ሳምሒኒ» አለች ስርጉት።

«አዎ፣ እንደዚያ ነው» አሉ መጂዳ። ከክኩ መካከል አንድ ጠጠር አንሥተው ወደ ውጭ ወረወሩና ወደ ትሪያቸው አጎነበሱ። ስርጉት ሌላ ቃል ይመጣል ብላ ቆመች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ነበር። መጂዳ ክኩን ለቅመው ጨረሱ፣ ወደ ሳህን ገለበጡት፣ ወደ ድንኳናቸው ገብተው መጋረጃውን ለቀቁት። ይቅር ይበሉ አይበሉ ሳታውቅ ተመለሰች። በተከታዩ ዓመት መጠለያው ሲበተን ስደተኞቹ ወደተለያየ ቦታ ሄዱ፤ መጂዳ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው አላገኘችም።

ስርጉት አሁን ገንዳ ውሃ ውስጥ የአረም መድኃኒትና የመርጫ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ ስለ ድርጅቱ ሥራ ጠይቀዋት አያውቁም፤ ጎረቤቶች ሲጠይቋቸው ኮንትራቱ አለቀ ይላሉ። ሰሊጥ በሚታረምበት ወራት ገበሬዎች ከገበያ የገዙትን ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ እንድታነብላቸው ነው። በርጋታ ታነብላቸዋለች። ስንት ውሃ ውስጥ እንደሚበጠበጥ፣ ከዝናብ በፊት ይሁን በኋላ እንደሚረጭ፣ ሰሊጡን ራሱን ይገድል እንደሆነ። የማታውቀው ቃል ላይ ስትደርስ ትቆምና ይህን አላውቀውም፣ እሱን ሳያውቁ እንዳይረጩት ትላለች። ገበሬው ማሳው በአረም ተውጦበት ነው የመጣው፤ የሚፈልገው መልስ ነው። ጀሪካኑን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሻገራል። እዚያ ያለው ሻጭ ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ፣ ሳያመነታ ይነግረዋል።